ጭቃው የዘር ጊዜ ሲያሳልፍ፦ ሳይዘራ የዋለ ማሳ ሒሳብ በጅማ

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሰርቦን አልፎ እስከ አሰንዳቦ ያለውን ሜዳ በሰኔ ያየ ሰው ችግር አለ ብሎ አይጠረጥርም። ሁሉም ለምለም ነው። ዝናቡ በጠናበት ዓመት ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጋ ያለ ግን ከለምለሙ ብዙው አረም መሆኑን ያያል፦ ሦስቴ ታርሶ፣ ዘሩ ቤት ተቀምጦ፣ ማዳበሪያው ተገዝቶ፣ ውሃ የተኛበት ማሳ። ድርቅ ሲሆን አገር ያውቀዋል። ዝናብ በዝቶ ያላዘራውን ገበሬ ግን ጎረቤቱ እንኳ «ምነው ዘንድሮ ሰነፍክ» ይለዋል።

ይህ ማብራሪያ ስለዚያ ገበሬ ገንዘብ ነው። ብዙ ጊዜ ሒሳቡን የሚሠራው ከተማ ያለው፣ «ትንሽ ብር ላክ» ተብሎ የሚደወልለት ልጅ ስለሆነ ለእሱም ይጠቅማል።

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በቆሎ የሚዘራው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። በልጉ ቶሎ ገብቶ ሳያቋርጥ ከክረምቱ ጋር ከተያያዘ መሬቱ ፋታ አያገኝም። ዳገት ላይ ያለው ቀይ አፈር ውሃውን ያሳልፋል። በግልገል ጊቤ ዳርና በየሜዳው ያለው መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ግን ሲረጥብ አብጦ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል፤ ውሃው የሚወጣው ወደ ላይ በፀሐይ ወይም ወደ ጎን በቦይ ብቻ ነው።

መሬቱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

መጀመሪያ የሚበላሸው ገንዘብ በችኮላ የታረሰ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ አንድ እፍኝ አፈር አውጡ፤ ጨብጣችሁ ድቡልቡል አድርጉትና በአውራ ጣት ተጫኑት። ከተፈረፈረ እረሱ። የጣታችሁ አሻራ ታትሞበት ከቀረ ወይም እንደ ሊጥ ከተሳበ ጠብቁ። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሥሩ ሊጥ የሆነ ማሳ ብዙ ሰው ያታልላል፤ ለዚህ ነው ከላይ ያለውን አፈር መጨበጥ የማያዋጣው።

እርጥብ መረሬ ውስጥ ማረሻ ሲገባ አፈሩን አይፈረካክሰውም፣ ይለስነዋል። የተለሰነው ገጽ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ጡብ ይደርቃል፤ ሥርም ውሃም አያሳልፍም። ያንን ጓል ለመሰባበር ሌላ ሁለት ዙር እርሻ ይጠይቃል፣ በሬዎቹም ይጎዳሉ። አንድ ሳምንት ለማትረፍ የሁለት ዙር እርሻ ዋጋ ወጣ ማለት ነው።

ዘሩ ገብቶ ውሃ ቢተኛበትስ? የበቆሎ ዘር ሲበቅል አየር ይፈልጋል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ውሃ ሥር ከቆየ አብዛኛው ይበሰብሳል። ከበቀለ በኋላም ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ የሚያድግበት ነጥብ ከአፈር በታች ስለሆነ ከተዋጠ አይተርፍም። ዳግም መዝራት ማለት ደግሞ ዳግም ዘር መግዛት ነው፤ ያውም የተፈለገው ዝርያ ከመጋዘን ካለቀ በኋላ።

ከዚያ ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቢኤች 661ን የመሰለ ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ 160 ቀን ገደማ ይፈጃል። ሰኔ 20 ከተዘራ፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ የሚደርሰው ኅዳር 25 አካባቢ ነው። የጅማ ዝናብ ጥቅምት ላይ ስለሚሳሳ ፍሬው የሚሞላው እርጥበት ባለቀበት ጊዜ ይሆናል። ቢኤች 540ን የመሰለው 145 ቀን ገደማ ስለሆነ ለተመሳሳይ ቀን ዘር ኅዳር 10 ላይ ይደርሳል። ዘግይቶ የተዘራ በቆሎ ሌላም ጣጣ አለው፤ በአካባቢው ብቸኛው ለጋ በቆሎ ስለሚሆን የአሜሪካ መጤ ተምች ከየማሳው ተሰብስቦ እሱ ላይ ያርፋል። እንግዲህ ለመረሬ ማሳ ሰኔ አጋማሽ ካለፈ «በቆሎው ቀርቷል» ብሎ ሌላ ማሰብ ይሻላል ባዮች ነን። ገበሬው ይህን ቃል ለመናገር ይከብደዋል፤ ሰኔና ሰኞ ገጥሞበት እንኳ «አንድ ሳምንት ልየው» ይላል። ያ ሳምንት ነው የሚያከስረው።

ወጣ የተባለው ብር የት ነው ያለው?

«ሠላሳ አምስት ሺህ አውጥቼበታለሁ፣ እንዴት እተወዋለሁ?» የሚል ገበሬ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቋት ጨምሯል፤ ሦስተኛውን ደግሞ ረስቷል። ለስሌት እንዲመች አንድ ሄክታር፣ ማለትም አራት ጥማድ እንውሰድ። ብሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ በሰፈራችሁ ዋጋ ተኳቸው።

ሦስት ዙር እርሻ 8,000 ብር። ይህ ሄዷል፣ አይመለስም። 25 ኪሎ ምርጥ ዘር 5,000 ብር። ከረጢቱ ካልተከፈተ ሊመለስ ወይም ሊለወጥ ይችላል። ማዳበሪያው ደግሞ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ 8,000፣ ሁለት ኩንታል ዩሪያ 14,000፣ በድምሩ 22,000 ብር። ይህ አልጠፋም፤ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ከ35,000 ብሩ በእርግጥ የጠፋው 8,000 ብቻ ነው። ቀሪው 27,000 ብር ገና የሚጠፋው ጭቃው ውስጥ ከተበተነ ነው።

ሦስተኛው ገና ያልወጣው ነው፦ የመጨረሻ እርሻና የመዝራት ሥራ 5,000፣ ሁለት ዙር አረም 8,000፣ የተምች መድኃኒትና ርጭት 3,000፣ አጨዳ፣ መፈልፈያ፣ ከረጢትና ማጓጓዣ 9,000። ድምሩ 25,000።

አሁን ጥያቄው «እስካሁን ስንት አወጣሁ?» መሆኑ ቀርቶ «ዛሬ ብዘራ ከዛሬ ወዲያ ስንት ይወጣል፣ ስንት ይገባል?» ይሆናል። ብዘራ 25,000 አወጣለሁ፣ ተቀምጦ የነበረውን የ27,000 ብር ዘርና ማዳበሪያም እጠቀማለሁ። 52,000 ብር ነው። አንድ ኩንታል በቆሎ በ3,000 ብር ቢሸጥ፣ 52,000 ብርን ለመመለስ ከ17 ኩንታል በላይ መገኘት አለበት። በጊዜው ቢዘራ 45 ኩንታል የሚጠበቅበት ማሳ ዘግይቶ 20 ቢሰጥ ትርፉ 8,000 ብር ነው። 17 ቢሰጥ ኪሳራ ነው። ለዚህ ጠባብ ዕድል 25,000 ጥሬ ብር መበደር አያዋጣም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ዘሩ የማይመለስ ከሆነ ዋጋውን ከሒሳቡ አውጡት፤ ያን ጊዜ መመለስ ያለበት 47,000 ነው፣ 16 ኩንታል ገደማ። ማዳበሪያውም ረጥቦ የማይቀመጥ ከሆነ እሱንም አውጡ፤ 25,000 ለመመለስ ዘጠኝ ኩንታል ይበቃል። ጎረቤታሞች ተመሳሳይ ማሳ ይዘው አንዱ ቢዘራ ሌላው ቢተው ሁለቱም ልክ ሊሆኑ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በምትኩ ምን?

ለሜዳው መረሬ የመጀመሪያው መልስ ጤፍ ነው። ጤፍ እርጥበት ይችላል፣ የሚዘራውም ሐምሌ አጋማሽና ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ለመሬቱም ለገበሬውም አንድ ወር ይሰጣል። ነሐሴ 1 የተዘራ፣ 105 ቀን የሚፈጅ ጤፍ ኅዳር 11 አካባቢ ይደርሳል። በዚያው ምሳሌ እንሂድ፦ ዘር 2,500፣ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ 8,000፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ 7,000፣ እርሻ፣ አረም፣ አጨዳና ውቂያ 25,000፤ በድምሩ 42,500። አሥር ኩንታል በ9,000 ቢሸጥ 90,000 ብር ነው፤ 47,500 ይተርፋል። ሁለተኛው ኩንታል ዩሪያ ለከርሞ ተቀምጧል፣ ጭዱም ለከብት አለ። አምስት ኩንታል ብቻ ቢገኝ እንኳ 45,000 ገብቶ ወጪውን ይሸፍናል። የጤፍ ችግሩ ጉልበት ነው። አረሙና አጨዳው ከቡና ለቀማ ጋር ስለሚጋጭ የቀን ሠራተኛ በኅዳር በደጉ ዋጋ አይገኝም። ስለዚህ የአጨዳውን ወጪ በኅዳር ዋጋ አስሉ፤ ደቦም ሆነ ተራ በተራ የሚረዳዱበት ዳዶ ካለ ተራውን ከወዲሁ ያዙ።

ጤፍም ያመለጠው ማሳ ሽንብራ ይቀበላል። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ በተረፈው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ዩሪያ አይፈልግም። የሚያበላሸው ውሃው ሳይሸሽ መዝራት ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ዘሩ ብዙ ኪሎ ስለሚጠይቅ ወጪው እዚያ ላይ ነው፣ እና ዋጋውን ሳይጠይቁ አይነሱ። ጓያም በዚህ ጊዜ ይበቅላል፣ እርጥበትም ድርቅም አይበግረውም። ነገር ግን ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት ለሁለት ሦስት ወር ዋና ምግብ ከሆነ እግር ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይድንም። እህል ባጠረበት ዓመት ቤት የሚቀመጥ ጓያ ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው። ለመኖ ካልሆነ አንመክርም።

ቦሎቄ ሦስት ወር ገደማ ስለሚበቃው በተዳፋት ቀይ አፈር ላይ እስከ ሐምሌ ይሞከራል፤ መረሬ ላይ አትሞክሩት። ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለቀው ማሳ ግን ሌላ ነገር ይነግራችኋል፦ ጎደሬ፣ ወይም በጎረቤት ቡኖ በደሌ ጨዋቃ እንደሚደረገው ሩዝ። ረግረጉ ዳር ያለ ደግሞ በኦሮምኛ ቦኔ በሚባለው የበጋ እርሻ በጥርና የካቲት በቆሎ ዘርቶ ሌላው ገና ሲያርም እሸት ይሸጣል። ክረምት ላይ ያልተዘራ መሬት በበጋ እሸት ሊክስ ይችላል። ቦዩን ከመጠን በላይ አጥልቆ ረግረጉን ጨርሶ ያደረቀ ግን በሁለተኛው ዓመት ለቦኔውም እርጥበት አያገኝም።

ጓዳ ያለው ዘርና ማዳበሪያ

ምርጥ ዘርን ለመመለስ ከረጢቱ ያልተከፈተ፣ ማኅተሙና የመለያ ወረቀቱ ያልተነካ መሆን አለበት፤ ደረሰኙንም ይዛችሁ በቶሎ ወደ ገዛችሁበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ሂዱ። ሰኔ ላይ ማኅበሩ ገና ለሚዘራ ሌላ ገበሬ ሊያዞረው ይችላል፣ ነሐሴ ላይ ግን ለማንም አይሆንም። ሳይመለስ ከቀረ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከማዳበሪያ አርቃችሁ አስቀምጡ። በሚያዝያ ከመዝራታችሁ በፊት መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና በሰባተኛው ቀን ፍቱት። 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዝሩት። 70 ከሆነ በዚያው ልክ አብዝታችሁ ዝሩ። ከዚያ ካነሰ ለመሬቱ አትስጡት።

አንድ ነገር በደማቁ ይሰመር፦ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር በመድኃኒት የታሸ ነው። ቢታጠብም፣ ቢቆላም፣ ለዶሮ ቢሰጥም መርዝነቱ አይለቅም። እህል ሲያጥር ይህን ዘር ወደ ድስት የሚያስገባ ቤት አለ።

ዩሪያ አየር ካገኘ እርጥበት ይስባል፣ ይጠጥራል። የጠጠረ ዩሪያ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ቀጥቅጦ መጠቀም ይቻላል። ቀልጦ ከከረጢቱ የፈሰሰው ግን ጠፍቷል። የውስጥ ላስቲኩን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሩ፣ ከግድግዳ አርቁ። ኤንፒኤስም በዚሁ አኳኋን ለከርሞ ይቆያል። ለነጋዴ ሹልክ አድርጎ መሸጥ ግን ሁለት ጊዜ ያከስራል፦ ዋጋው ይረክሳል፣ በማዳበሪያ ላይ ቁጥጥር ስላለም ሊወረስ ይችላል። ጥሬ ብር ከተፈለገ በማኅበሩ በኩል ለጤፍ ለሚፈልገው ገበሬ አዙሩት፤ ጽሑፍ ይኑረው።

ከሰኔ እስከ ኅዳር ቤቱ በምን ያድራል?

ከዕዳው በፊት ድስቱ ይታሰብ። በእርዳታ ሥራ የሚሠራበት ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በወር 90 ኪሎ ይፈልጋል፤ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ አምስት ወር፣ አራት ኩንታል ተኩል። ጎታውን ገልብጣችሁ ለኩ። ሁለት ኩንታል ካለ የጎደለው ሁለት ኩንታል ተኩል ነው። ይህን ሰኔ ላይ መግዛት ነሐሴ ላይ ከመግዛት ይሻላል፤ የበቆሎ ዋጋ አዲሱ እሸት እስኪወጣ መውጣቱ የተለመደ ነው። ደዶና ገራን በመሳሰሉ እንሰት ባለባቸው ቦታዎች የደረሰ እንሰት ከተቆረጠ ጎዶሎው ያንሳል፤ ያልደረሰውን መቁረጥ ግን የከርሞውን መብላት ነው።

የሚሸጠውም ተራ አለው። ባሕር ዛፍ ካለ እሱ ይቀድማል፤ በክረምት መኪና ስለማይገባ ዋጋው ቢወርድም መልሶ ይበቅላል። ቀጥሎ በግና ፍየል። ለዓረፋ የሚሸጥ በግ ካለ ቀኑን አስተውሉ፤ በዓሉ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ አንዳንድ ዓመት ከችግሩ ወር ጋር ይገጥማል፣ አንዳንድ ዓመት አይገጥምም። የእርሻ በሬ የመጨረሻው ነው። በሬ የሸጠ ገበሬ ጤፉን በእኩል ለሌላ ሰጥቶ ከምርቱ ግማሹን ያጣል፣ በሚቀጥለው ሚያዝያም ጥንድ ለመከራየት ይበደራል። የአንድ በሬ ሽያጭ የሁለት ዓመት ገቢ ይዞ ይሄዳል። ጫት ያለው ቤት በየሳምንቱ ሳንቲም አያጣም፤ ይሁን እንጂ ክረምት ላይ ቅጠሉ ስለሚበዛ ዋጋው እንደሚወርድ በጀቱ ላይ ያስገባ።

አሁን ወደ ጅማው ትልቁ ወጥመድ እንምጣ፦ ቡናን በዛፉ ላይ እንዳለ መሸጥ። ሐምሌ ላይ ነጋዴው ይመጣል፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። አንድ ኪሎ እሸት ቡና በ40 ብር ሒሳብ ቅድሚያ ይከፍላል እንበል። ኅዳር ላይ ገበያው 65 ብር ቢሆን ገበሬው ለ40 ብር የአራት ወር ብድር 25 ብር ከፈለ ማለት ነው። በ1,000 ብር ስናሰላው 625 ብር። በዓመት 18 ከመቶ ወለድ የሚያስከፍል ብድር ለተመሳሳይ አራት ወር በ1,000 ብር የሚወስደው 60 ብር ነው። አሥር እጥፍ ይበልጣል። ለነጋዴው ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ዋጋው ቢወድቅ ወይም ፍሬው ቢረግፍ ጉዳቱ የእሱ ነው፤ ለዚያ ሥጋት የሚያስከፍለው ግን ከልክ በላይ ነው። የግድ ከሆነ ሙሉውን ቡና አትሽጡ፤ ለምግቡ የጎደለውን ብር ብቻ በኪሎ ወስናችሁ፣ ዋጋውን «ከኅዳር ገበያ ይህን ያህል ተቀንሶ» ብላችሁ፣ በምስክር ፊት ጻፉ።

ወለድ የማይወስድ ቤትም መንገድ አለው። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች በሙራባሃ ዕቃውን ራሳቸው ገዝተው ትርፋቸውን አስታውቀው በዱቤ ይሸጣሉ፤ ለማዳበሪያና ለዘር ይሆናል፣ ለጥሬ ብር ግን አይሆንም። በዛፍ ላይ ያለ ቡና ሽያጩም በሸሪዓው በኩል ጥያቄ የሚነሳበት ስለሆነ የሚያውቅ ዐሊም ቢጠየቅ ደግ ነው።

ብድር ያለበት

ማራዘሚያ የሚጠየቀው የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚሄድ ሰው «ያልከፈለ» ሆኖ ነው የሚገባው፤ የቡድን ዋስትና ከሆነ ደግሞ ጎረቤቶቹን ይዞ ይወድቃል፣ እነሱም ለመጪው ወቅት አያገኙም። ስለዚህ ቡድኑ አንድ ላይ ይሂድ። ከኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ወደ ባንክነት ያደገው ሲንቄም ሆነ ሌላ አበዳሪ የሚፈልገው ማስረጃ ነው፤ ሰቆቃ መዘርዘር ብቻውን አይሠራም።

ማስረጃው ደግሞ ውሃው ሳይሸሽ ይሰብሰብ። ውሃው የተኛበትን ማሳ ቀኑ በሚታይበት ስልክ፣ ዛፍ ወይም ቤት እንዲለይ አድርጋችሁ ከሁለት አቅጣጫ አንሱ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መጥቶ ስፋቱን፣ ስንት ዙር እንደታረሰና ያልተዘራበትን ምክንያት ጽፎ ቀበሌው ማኅተም ያድርግበት። የይዞታ ደብተር ቁጥሩ፣ የዘርና የማዳበሪያ ደረሰኙ ይያያዝ። ይኸው ሰነድ በኦሮሚያ ቡሳ ጎኖፋ ከሚባለው የመረዳጃ ሥርዓት ድጋፍ ቢጠየቅም ያገለግላል። መስከረም ላይ «በሰኔ ውሃ ነበረበት» ብሎ ማስረዳት አይቻልም፤ ማሳው ያን ጊዜ ደርቆ አረም አብቅሏል።

ጥያቄውም ቁርጥ ያለ ይሁን፦ «ከጤፍና ከቡና የሚገባ ብር አለኝ፤ ግማሹን ታኅሣሥ 15፣ ግማሹን የካቲት 15 እከፍላለሁ።» አበዳሪው በምትኩ «አዲስ ብድር እንስጥህና አሮጌውን ዝጋ» ካለ ቆም በሉ። አዲሱ ብድር የአሮጌውን ወለድ እንደ ዋና ገንዘብ ይዞ ይነሳል፣ የአገልግሎት ክፍያም ይጨመርበታል። በጽሑፍ ልዩነቱን ይንገሯችሁ። ተጨማሪ ብድር የግድ ከሆነ፣ የ2011 የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና እህል ከእጅ ሳይወጡ መያዣ እንዲሆኑ ይፈቅዳል፤ አበዳሪውን ጠይቁ።

ኢንሹራንስ ያለው ገበሬ ደግሞ ውሉን አውጥቶ አንድ ነገር ይፈልግ፦ የሚከፈለው በምንድን ነው? በሀገራችን የተለመደው የአየር ጠባይ ኢንሹራንስ በሳተላይት የሚለካ የዕፅዋት ልምላሜ ወይም የዝናብ ማነስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የተሠራው ለድርቅ ነው። ውሃ የተኛበት፣ አረም የወረሰው ማሳ ከሰማይ ሲታይ አረንጓዴ ስለሆነ ሳተላይቱ «ደህና ነው» ይላል፤ ክፍያ የለም። በአካባቢው አማካይ ምርት የሚለካው ዓይነት ዝናብ መብዛትንም ሊሸፍን ይችላል፣ ግን ብዙዎቹ ሽፋን የሚጀምሩት ከተዘራ በኋላ ነው። ያልተዘራ ማሳ ምርት የለውም፣ የቀነሰ ምርትም የለውም። በሽያጭ ጊዜ መጠየቅ ያለበት «ዝናብ በዝቶ ሳልዘራ ብቀርስ?» ነው። መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ አንቀጹን ያሳዩአችሁ።

የተከራየ መሬት

ኪራይ ከፍሎ ያልዘራ ሰው የእርሻውን ብቻ ሳይሆን የኪራዩንም ያጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይልን ሲዘረዝር ጎርፍን በስም ይጠቅሳል። ይሁንና ጅማ ላይ በሰኔ መዝነቡ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ «ዝናቡ ከለከለኝ» ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። መፍትሔው ውሉ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፦ «ማሳው በውሃ ተይዞ እስከ ሰኔ 15 በቆሎ ካልተዘራበት፣ ተከራይ ጤፍ ወይም ሽንብራ የመዝራት መብት አለው፤ ምንም ካልተዘራ ከኪራዩ ግማሹ ለሚቀጥለው ዓመት ይታሰባል።» ውሉ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። በእኩል የያዘም ዘርና ማዳበሪያው ሳይበተን ቢቀር የማን እንደሆነ ቀድሞ ይነጋገር፤ አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ለከርሞ የሚያተርፈው ቦይ

ከዚህ ሁሉ ርካሹ ውሃውን ማስወጣት ነው፤ የሚሠራውም መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ ጥርና የካቲት ላይ። ለመረሬ የሚታወቀው አሠራር ሰፊ መደብና ቦይ ነው፦ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ፣ እየተደጋገመ። በተለምዶ ቢቢኤም የሚባለው በጥንድ በሬ የሚጎተት መሣሪያ ይሠራዋል፤ ጎረቤታሞች በተራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። መደቡ ላይ ያለው ሥር አየር ያገኛል፣ ውሃው በቦዩ ይወርዳል።

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ጫፍ ላይ ነው። ቦዩ ማሳው ውስጥ ያምራል፣ መውጫ ግን የለውም፤ ወይም መውጫው የጎረቤት ማሳ ነው። ስለዚህ ከመቆፈር በፊት በታች ካለው ባለማሳ ጋር ውሃው በማን ወሰን፣ በምን ስፋት እንደሚያልፍ ተስማምታችሁ ችካል ትከሉ። ዋናውን መውረጃ አራት አምስት አባወራ በደቦ ቢቆፍረው የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው። ጠርዙ ላይ ሣር ካልተተከለበት መጀመሪያው ዶፍ አፈሩን ይዞ ጊቤ ይገባል። በመጋቢት መጨረሻ፣ ዘር ከመውጣቱ በፊት፣ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በዘነበ ማግስት ጠዋት ቦዩን ተከትላችሁ እስከ መውጫው ሂዱ፤ ውሃው የቆመበት ቦታ ካለ በዶማ የሚነሳው አንድ ክንድ አፈር ነው።